ያልተጠየቅንበት ውሃ

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አነበብኩ፣ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፤ በመጨረሻም ጠረጴዛ ይዤ የደንበኛ አቤቱታ ሰማሁ። ባለፈው ሰሞን አንዲት አዲስ አንባቢ ሰፈራችን መጥታ የቆጣሪያችንን ክዳን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ ጎንበስ እንኳ ሳትል ስትሄድ አየኋት። አልቀናሁባትም። እኛ ጉልበታችን እስኪላጥ የተንበረከክንበት ሥራ ቆሞ የሚሠራ መሆኑ ደግ ነው። ግን እሷ ከሄደች በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ በአንድ ሳምንት ተምሬያለሁ። ቁጥሩ ሳይጠየቅ ሲቀር፣ ውሃው እየፈሰሰ ሂሳቡ ሳይመጣ ሲቀር ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ለመማር ግን የሥራ ዘመኔ በሙሉ አልበቃኝም። በመሐል ሰው ጎዳሁ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ባቱ ነው፤ ያኔ ሁላችንም ዝዋይ ነበር የምንላት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ጊዜ የውሃ መሥሪያ ቤቱ አንባቢ ይፈልጋል ሲባል አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ደሞዜን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ይቅር። በየሰፈሩ የምሄደው በፈረስ ጋሪ ነበር። ባለጋሪዎቹ «የውሃዋ ልጅ» ይሉኝ ነበርና አንዳንዶቹ ሂሳብ አይቀበሉኝም።

ቆጣሪ ማንበብ ቀላል ይመስላል። ክዳን ማንሳት፣ ቁጥር መጻፍ። ክዳኑ ሥር ግን ጭቃ አለ፤ በበጋ ጊንጥ አለ። መስታወቱ ላብ ይዞት አንዳንዴ በእርጥብ ጨርቅ አሥር ጊዜ ብትጠርገውም አይታይም። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩቡን ይናገራሉ፣ ቀዮቹ ሊትሩን። ከነሱ ጎን ደግሞ ኮከብ የምትመስል ትንሽ ጥርስ አለች። የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እሷ ቀስ እያለች የምትዞር ከሆነ ውሃው አንድ ቦታ እየሾለከ ነው። ብዙ አንባቢ ቁጥሩን ጽፎ ይነሳል። ኮከቧን የሚያይ ጥቂት ነው።

ኮከቧን እንዳይ ያስተማረኝ ጋሽ ቱፋ ነው። ቱፋ የመቂ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ አብዛኛው የእኛ አካባቢ ሰው ጥርሱ በውሃው የበለዘ። የቆጣሪ ጥገና ክፍሉ ኃላፊም ሠራተኛም እሱ ብቻ ነበር። ያካባቢው ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ቆጣሪው ውስጥ ይጋግራል። ቱፋ የተጋገረውን ቆጣሪ ፈትቶ አቼቶ በተሞላ ባልዲ ውስጥ አሳድሮ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጥርስ ቡሩሽ እያሸ ያጸዳል። ከዚያ ገጥሞ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከሥሩ አስቀምጦ ይሞክረዋል። ጀሪካኑ አፉ ድረስ ሞልቶ ቆጣሪው ሃያ ካላለ መልሶ ይፈታዋል። አንድ ቀን ሦስተኛ ጊዜ ሲፈታ አይቼ፣ አንድ ሊትር ለምትሆን ነገር ለምን እንዲህ እንደሚደክም ጠየቅኩት።

«አሥራ ዘጠኝ ካለ መሥሪያ ቤቱን ይሰርቃል፤ ሃያ አንድ ካለ ደንበኛውን ይሰርቃል። በእኔ እጅ የወጣ ሌባ አልፈልግም» አለኝ።

ውሃ በፈረቃ ነበር የሚመጣው። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሲለቀቅ ቧንቧው ውስጥ የነበረው አየር እየተገፋ ቀድሞ ይደርስና ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ሰዉ «አየር አስከፈላችሁን» እያለ ይጮኻል፤ እውነቱንም ነው። አለቆቻችን ይህን መስማት አይፈልጉም። ቱፋ ግን እንዲህ ያለ ቤት ሲገጥመው መስመሩ ላይ አየር ማስወጫ ሳይገጥም አይመለስም ነበር። ደንበኛው ሳይጠይቀው፣ አለቃውም ሳያዘው። መሥሪያ ቤቱ ያልሰጠውን አስከፍሎ ሰውየው ግን የተጠቀመውን እንዲከፍል መጠበቅ አይሆንም ነበር ለሱ። እንዲህ ብሎ ግን ተናግሮት አያውቅም፤ አየር ማስወጫውን ይገጥማል፣ ይሄዳል።

ሁለት ልማዶች ነበሩት። አንደኛው፣ «እዚህ ቤት ውሃ ይሰረቃል» የሚል ጥቆማ ሲመጣ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የአቤቱታ መዝገቡን ያወጣል። ሁለት ሦስት ዓመት ወደ ኋላ እየገለጠ፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ያነባል። «ሰው ሌባ ነው ከማለትሽ በፊት የራሳችንን እጅ እዪ» ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ከእኛው ይገኛል፤ ቆጣሪ ነቅለን ሳንመልስ የረሳነው፣ ስም ስናዛውር የጣልነው።

ሁለተኛው ልማዱ ከጥገና ክፍሉ ቧንቧ ውሃ አለመውሰዱ ነው። ያ ቧንቧ ቆጣሪ የለውም፤ ከተማው ሲደርቅም አይደርቅም። ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣ ጀሪካኑን ሞልቶ ይወጣል፤ እኔም ጭምር። ማንም እንደ ስርቆት አይቆጥረውም ነበር። ቱፋ እጁን ታጥቦ ባዶ እጁን ይወጣል። ሚስቱ እትዬ ዘነበች ቦኖ ላይ ከሰው ጋር ተሰልፋ ነበር የምትቀዳው። አንድ ቀን ቦኖው ጋ አገኘኋትና ባሏን አሞገስኩላት። ሳቅ ብላ «የሱ ጽድቅ የሚጫነው እኔ ጀርባ ላይ ነው እኮ» አለችኝ።

ነገሩ ከንክኖኝ ለሱ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። «ልክ ናት» ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ በሰማያዊ ቱታው ከሴቶቹ መሐል ቦኖው ላይ ተሰልፎ አየው ጀመር። እኔም ከጥገና ክፍሉ መቅዳት ተውኩ። በጽድቅ አይደለም፤ እያየሁት መሙላት ስላፈርኩ ነው።

ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ተቆጣጣሪ ተብዬ ወደ ሻሸመኔ ተዛወርኩ። ሥራዬ ሕገ ወጥ መስመር ማግኘት ነበር። ሻሸመኔ መንገድ ሁሉ የሚገናኝባት ከተማ ናት፤ ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቤት ይሠራል፣ ቧንቧ ይቀጥላል። አዲሱ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ብዙ ሌባ የሚያመጣለትን ሠራተኛ ይወድ ነበር። የተገኙትን ሰዎች ስም መግቢያው ላይ ባለው ሰሌዳ ያስለጥፋል። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ ሴት ተቆጣጣሪ ምን ታመጣለች የሚሉኝን ማሳየት ፈለግኩ። ጎበዝም ነበርኩ። ግድግዳ ላይ ያለ እርጥበት አይቼ የተቀበረ ቧንቧ አገኛለሁ።

በበጋ፣ ወደ ሐዋሳ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ አዴ ሞሚና የምትባል ሴት ግቢ ገባሁ። ባሏ የሞተባት፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባቸው ሁለት አልጋ ቤቶች አንሶላ እየሰጧት በማጠብ የምትኖር ሴት ናት። ግቢው ሙሉ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቧንቧው ይፈሳል፤ ቆጣሪ የለም። የመስመሩን ጫፍ ቆፍሬ አየሁት፤ ከዋናው መስመር በቀጥታ ተያይዟል።

ቆጣሪዋ የት እንደሆነ ጠየቅኋት። ከሦስት ዓመት በፊት መንገዱ ሲሰፋ ሠራተኞቹ ሳጥኑን ነቅለው፣ ቧንቧውን እንዲሁ አገናኝተው እንደሄዱ ነገረችኝ።

«ሁለት ጊዜ ቢሮአችሁ መጥቼ ነግሬያለሁ፣ ኢንተላ ኮ። እንመጣለን አሉኝ፤ አልመጡም» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከእጇ ላይ የሳሙና አረፋውን እየጠረገች ነበር።

ይህን የሚሉኝ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ነግሬያለሁ ይላል። አብዛኞቹ አልነገሩም። እኔ ቅጹን ሞልቼ፣ አስፈርሜ ሄድኩ። በዚያው ቀን ቧንቧው ተቆረጠ። በማግስቱ ስሟ ሰሌዳው ላይ ወጣ።

ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው የሌላ ሰው ጉዳይ ስፈልግ የአቤቱታ መዝገቡን ገለጥኩ። አዴ ሞሚና እዚያ ነበረች። ቆጣሪዬ በመንገድ ሥራ ተነስቷል፣ ውሃ እየተጠቀምኩ ሂሳብ አይመጣብኝም፣ መጥታችሁ እዩልኝ የሚል፣ ጸሐፊ የጻፈላት፣ ከሥሩ የጣት አሻራዋ ያለበት። ጎኑ ላይ አንድ ቃል ተጽፏል፤ «ይታያል»። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ ያው አቤቱታ፣ ያው አሻራ፣ ያው «ይታያል»። መዝገቡ የተቀመጠው ከእኔ ወንበር ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። ክንዴን ብዘረጋ እደርስበታለሁ።

መዝገቡን ይዤ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። አነበበ፤ ፊቱም ተለወጠ፤ ክፉ ሰው አይደለም ብያለሁ። ውሃው ዛሬውኑ እንዲቀጠል፣ ስሟም እንዲነሳ አዘዘ። ሰሌዳው ላይ ይቅርታ እንድንለጥፍ ስለምነው ግን መሥሪያ ቤት እንዲህ ከጀመረ ማብቂያ የለውም አለኝ። እኔ ራሴ ጽፌ፣ በስሜ ፈርሜ መለጠፍ እችል ነበር። አለቃዬ ቢቀድደው እንኳ ለጥፌዋለሁ ማለት ነው። አልለጠፍኩም።

ስኳር ገዝቼ ቤቷ ሄድኩ። ግቢው ባዶ ነበር፤ ገመዱ ላይ ምንም የለም። አስገባችኝ፣ ስኳሩንም አመስግና ተቀበለችኝ። እጥፍጥፍ ብዬ ይቅርታ ስጠይቃት አቋረጠችኝ።

«ውሃው መጥቷል፣ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። አልጋ ቤቶቹ ግን አንሶላቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። ሌባ ናት ተብላ ለተለጠፈች ሴት አንሶላ አይሰጥም። እሱን በምን ትቀጥይልኛለሽ?»

ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ ነበረቻት፤ በየቀኑ በሰሌዳው አጠገብ እያለፈች የእናቷን ስም ታነብ እንደነበር ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። አዴ ሞሚና በኋላ ገበያ ላይ ድንች መሸጥ ጀመረች። ሳገኛት ሰላም ትለኛለች። ያ ሰላምታ ከስድብ ይበልጥ ይከብደኝ ነበር።

ለጋሽ ቱፋ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ ብቻ ጠየቀኝ። ከወንበሬ ጀርባ አልኩት። ከዚያ «እሺ፣ ጥሩ» ብሎ ዘጋው። ጥሩነሽ ስለምባል ነው ጥሩ የሚለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅም። እሱ ባቱ ላይ እያለ ነው ያረፈው፤ ቀብሩ ላይ ግማሹ ከተማ ነበር።

አዳማ የመጣሁት በትዳር ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሾፌር ነው። እኔም ዝውውር ጠይቄ፣ ዓመታት በቁጥጥር ሠርቼ፣ ጉልበቴ እንቢ ሲል የደንበኞች አቤቱታ ክፍል ተመደብኩ። ከአዲሱ መንገድ ጀርባ፣ አሥር ቤቶች ፊት ለፊት በተደረደሩበት ጠባብ ቅያስ ውስጥ ቤት ሠራን። ጎረቤቶቻችን ደህና ሰዎች ናቸው። ግራ ጎኔ ጋሽ ከተማ አሉ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር። ፊት ለፊቴ መሠረት አለች፤ በግቢዋ ጸጉር ቤት ከፍታ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ምላሷ ፈጣን፣ እጇ ለጋስ የሆነች ሴት። እኔንም ጸጉሬን በነፃ ካልሠራሁ ብላ ስንቴ ተሟግታኛለች።

መሥሪያ ቤቱ ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር የውሃ ሂሳብ በስልክ መልእክት መምጣት ጀመረ። ለእኛ ቤት አንድ ወር አልመጣም። ሲስተሙ ገና ነው አልኩ። ሁለተኛ ወር አልመጣም። ሦስተኛ። ክዳኑን አንስቼ አየሁ፤ ቆጣሪው ይሠራል፣ ኮከቧ ትዞራለች።

እኔ ማለት እንግዲህ ሥራዬ ይኸው የሆነ ሰው ነኝ። ኮምፒውተሩ ከፊቴ ነው። የውል ቁጥሬን ብጽፍ በአንድ ደቂቃ አውቀዋለሁ። አልጻፍኩም። ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ፤ ነገ አየዋለሁ እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አራት ወር ሞላ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጌታቸው አምስት የፓፓያ ችግኝ ተከለ፤ በየቀኑ በጎማ ያጠጣቸዋል። እኔም ግቢውን በውሃ ማጠብ ለመድኩ፤ በፊት የምጠርገውን ግቢ። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም። ሰው የማይጠየቅበትን ነገር እጁ ሰፋ አድርጎ ነው የሚይዘው።

አንዴ ለጌታቸው አነሳሁበት። እሱ ደግሞ የሚመልሰው ነበረው። ውሃ በማይመጣባቸው ሳምንታት የአየር ስንከፍል ማን መለሰልን፣ እነሱ ረስተውን እኛ ምን አጠፋን፣ ቧንቧ አልቀጠልን፣ ቆጣሪ አልሰበርን አለኝ። ያጠፋነው ነገር ይህ ነው ብዬ ጣቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። እውነትም ምንም አላደረግንም። ዝም ነው ያልነው።

ዝምታዬን የሰበረው አንድ የማላውቃቸው አባት ናቸው። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው የሦስት ወር ሂሳብ እንዳልመጣላቸውና በኋላ ተጠራቅሞ እንዳይመጣባቸው እንደሚፈሩ ነገሩኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። «ይመጣል አባቴ፣ ይጠብቁ» አልኳቸው። አመስግነው ሄዱ። ቅጹን ለመዝጋት ብዕሬን አንስቼ ከጎኑ የጻፍኩትን አየሁ። «ይታያል» ብያለሁ። በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ከወንበሬ ተነስቼ እስከ በሩ ድረስ ተከተልኳቸው፤ አጣኋቸው። ተመልሼ መጀመሪያ የሳቸውን ጉዳይ ከፈትኩ፤ የስም ስህተት ነበር፣ አስተካከልኩት፤ ደውዬም ነገርኳቸው። ከዚያ የራሴን የውል ቁጥር ጻፍኩ። የለም አለኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ወጣት መሐንዲስ ነው፣ ጨዋ ልጅ። ገብቼ አሥራ አራት ወር እያወቅኩ ዝም ማለቴን ነገርኩት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ሐዘን ይመስላል። ጡረታዬ ሊደርስ ስምንት ወር እንደቀረው አስታወሰኝ፤ ነገሩ በወረቀት ከሆነ ዲሲፕሊን ይከተላል፤ አንድ ባለሙያ ጸጥ ብሎ ውሉን ቢያስገባውና ከዛሬ ጀምሮ ቢቆጥር ማንም አይጎዳም አለኝ። ደግነት ነበር። አመስግኜው በጽሑፍ አስገባሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የተጠቀምኩትም ከቆጣሪው ተነቦ በየወሩ እየከፈልኩ እንድጨርስ ተወሰነ። ያንን ቀን ቀለል ብሎኝ ገባሁ። ነገሩ እኔ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የኔን ውል ሊያስገባ የመጣው ባለሙያ ኮምፒውተሩ የጣለው አንድ ቤት ሳይሆን ቅያሱን በሙሉ መሆኑን አገኘ። በሳምንቱ ለአሥሩም ቤት፣ እስከዚያ ወር ያለው የአሥራ አምስት ወር ሂሳብ በአንድ ላይ መጣ።

ስለሌሎቹ አስቤ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። ለመሠረት ይመጣላት ይሆን ብዬ አንድ ሁለቴ አስቤያለሁ፤ ጠይቄ ግን አላውቅም። ብጠይቅ የኔም ይገለጣላ።

መጀመሪያ የመጣችው እሷ ነች። ወረቀቱን በእጇ ይዛለች፤ ነገሩ በእኔ ማመልከቻ እንደተጀመረ ከባለሙያው ሰምታለች። ልትጮኽ የመጣች መስሎኝ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«እትዬ ጥሩነሽ፣ እርስዎ ከሕሊናዎ ጋር ታረቁ፤ የሚከፍለው ግን ቅያሱ ሁሉ ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ይህ ወረቀት በላው። ቢያንስ ቀድመው ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

ይኼ የመጨረሻው ነገር ነው የቆረጠኝ። ልክ ነች። እኔ የራሴን ሸክም ለማውረድ ስጣደፍ ማን ላይ እንደሚወርድ ዘወር ብዬ አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅያሱ ዘጋኝ። ሰላምታ አልከለከሉኝም፤ ግን እኔ ስደርስ ወሬው ይቆማል። ጌታቸው ከመንገድ ሲመለስ እንደ ድሮው ጋሽ ከተማ ደጃፍ ተቀምጦ ዳማ የሚጫወትበት ቀረ። እሱም ለሁለት ሳምንት ያህል ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረኝም። የባሏ ጽድቅ ጀርባዋ ላይ የተጫናትን እትዬ ዘነበችን ያስታወስኳት ያኔ ነው።

ቤቴ ተቀምጬ ማዘን ምንም አይፈይድም። ሻሸመኔ ላይ ይቅርታ ለመጠየቅ ስኳር ይዤ ሄጄ ነበር፤ አሁን ስኳር አልገዛሁም። የአሥሩን ቤት ጉዳይ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን፣ ከእኔ በቀር ማንም ሠራተኛ አለመሆኑን፣ ሂሳቡ ሳይመጣ የቀረው በደንበኛ ድርጊት አለመሆኑን፣ ያላወቀ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ መጠየቅ እንደሌለበት ዘርዝሬ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። ሌላው ቢቀርለትም የኔ እንዳይቀር ጨምሬ ጻፍኩ፤ እኔ አውቅ ነበርና። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው፣ ለበላይ አቅርቤ ያላወቁት እንዲታለፉ አስፈቅጃለሁ፣ ግን ራሳቸው መጥተው ቃላቸውን ይስጡ አለኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሁሉም መጡ። ትንሿ የስብሰባ ክፍል ሞላች። እኔ ከሠራተኛ ወገን አልተቀመጥኩም፤ ከጎረቤቶቼ ጋር ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን አስረዳ። ሂሳብ እንደማይመጣ ያላወቀ ሰው ያለፈው ይታለፍለታል፣ እያወቀ የተጠቀመ ግን በየወሩ እየከፈለ ይጨርሳል አለ። ምን መመለስ እንደሚያዋጣ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ጋሽ ከተማ ቀደሙ። ሐዋሳ ያለው ልጃቸው በስልኩ የሚከፍልላቸው ይመስላቸው እንደነበር ተናገሩ፤ ይህ እውነት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥሎ ያለው ሰው አላወቅኩም አለ። ቀጥሎ ያለችውም። አንዱ ወደ እኔ አየት አድርጎ አላወቅኩም አለ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ማንንም የማጋለጥ ፍላጎት አልነበረኝም፤ ከእንግዲህ የእያንዳንዱ የራሱ ነው።

መሠረት ጋ ደረሰ። ልጆቿን እያሰብኩ ነበር፤ በልቤ አላወቅኩም እንድትል እለምናት ነበር።

«አውቄያለሁ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ያልሰማች መስሎት ጥያቄውን ደገመላት።

«ሰምቼሃለሁ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ አውቄያለሁ። በዚያ ውሃ የሰው ጭንቅላት ሳጥብ ነው የከረምኩት። አንዷንም ደንበኛ በነፃ አላጠብኳትም፤ ከሁሉም ተቀብያለሁ። እና አላውቅም ልበል?»

ከሷ በኋላ የቀሩት አራት ሰዎች አላወቅንም አሉ፤ ሥራ አስኪያጁም መዝግቦ ዘጋው። እንግዲህ ከአሥሩ ቤት የከፈልነው ሁለት ነን። ቅያሱ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ተሳቀብን። በኋላ ተረሳ። ጋሽ ከተማና ጌታቸው ዳማቸውን ቀጠሉ። እኔ በሰዓቴ ጡረታ ወጣሁ፤ ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ጡረታዬን ግን አልነካውም።

መሠረት ወደ ቀድሞዋ አልተመለሰችልኝም። ጸጉሬን ትሠራኛለች፤ በነፃ ልሥራ የሚለው ሙግት ግን የለም፤ እከፍላለሁ፣ ትቀበላለች። ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ክፍያችንን ልንጨርስ መስኮቱ ጋ ወረፋ ላይ ተገናኘን። ከኋላዋ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ በልቤ ሳዘጋጀው የቆየሁትን ይቅርታ ጀመርኩላት፤ ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፣ በልጆችሽ ላይ ጣልኩት አልኳት።

ዘወር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም።

«ይቅርታ አይጠይቁኝ፣ እትዬ» አለች። «ቀድመው ነግረውኝ ቢሆን ዝም ይበሉ ብዬ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር። ዝም ቢሉም ደስ ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬም ደስ እንዳለኝ እኖር ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ «ቀጣይ» አለች። መሠረት ቦርሳዋን ከፍታ ወደ ፊት ራመድ አለች።